ረቡዕን ማን ይነግራችኋል?

ለአንድ ሴሚስተር ወደ አውሮፓ ለምትሄዱ ወንድሞችና እኅቶች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ከመካከላችን ጥቂቶች ለአንድ ሴሚስተር ትምህርት ወደ አውሮፓ ይሄዳሉ። አንዳንዶቹ በኢራስመስ የልውውጥ መርሐ ግብር፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ዩኒቨርሲቲያቸው ከውጭ አቻው ጋር ባለው ስምምነት ዕድሉን ያገኛሉ። ቪዛው ሲመታ ደስታው የሁላችንም ነው። በሰንበት ትምህርት ቤታችን የሽኝት ጉባኤ ይዘጋጃል፤ ይዘመራል፤ ዳቦ ይቆረሳል፤ መዝሙረ ዳዊት ወይም የእመቤታችን ሥዕል ይበረከታል። ከዚያም አንድ ታላቅ ወንድም ይነሣና ምክር ይሰጣል። ምክሩ በየዓመቱ ያው ነው፦ ከክፉ ባልንጀራ ተጠበቁ፣ ጭፈራ ቤት እንዳትገቡ፣ ማዕተባችሁን እንዳትበጥሱ።

ይህን ምክር እኔም ሰምቼ ሄጃለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጀርመን አገር በአንዲት አነስተኛ የዩኒቨርሲቲ ከተማ አንድ ሴሚስተር ተምሬ ተመልሻለሁ። ጭፈራ ቤት አልገባሁም፤ ማዕተቤም አልተበጠሰም። ነገር ግን በሄድሁ በአራተኛው ሳምንት በተማሪዎች መመገቢያ አዳራሽ ተቀምጬ፣ ከላዩ አይብ የቀለጠበት ፓስታ በልቼ ጨርሼ፣ ሳህኑን ልመልስ ስነሣ በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የሳምንቱን የምግብ ዝርዝር አየሁ። ዕለቱ ረቡዕ ነበር።

ማንም አላሳሳተኝም። ማንም «ብላ» ብሎ አልገፋፋኝም። እንዲያውም በዚያው ዝርዝር ላይ ከእንስሳት ተዋጽኦ የጸዳ ምግብ ቀርቦ ነበር። ችግሩ ሌላ ነበር፤ ረቡዕ መሆኑን አላወቅሁም። ወደ ክፍሌ እየተመለስሁ ሳሰላስለው ደግሞ የከፋ ነገር ተገለጠልኝ። በዚያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶኝ ነበር፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ረቡዕን በራሴ አውቄው አላውቅም ነበር። በቤታችን ረቡዕን የማውቀው በአፍንጫዬ ነው፤ ሽሮው ሲንተከተክ፣ ቅቤ ያልገባበት ቁሌት ሲሸት፣ ያን ጊዜ ጾም መሆኑን አውቃለሁ። ጾመ ነቢያት መግባቱን የሚያበሥረኝ የእናቴ የጾም ድስት ከመደርደሪያ መውረዱ ነው። እሑድን የሚነግረኝ ከሌሊቱ ጀምሮ በድምፅ ማጉያ የሚሰማው ኪዳን ነው። የወሩን ሃያ አንድ የምትነግረኝ ለእመቤታችን ዝክር ቆሎ የምትቆላው ጎረቤታችን ናት። እኔ ጾመኛ ነኝ እል ነበር፤ በእውነቱ ግን ጾመኛው ቤታችን ነበር፤ እኔ በውስጡ የምኖር ሰው ነበርሁ።

ስለዚህ ዛሬ ለምትሄዱት የምጽፈው ስለ ጭፈራ ቤት አይደለም። ከዚያ መጠበቅ እንደሚገባ እናንተም ታውቁታላችሁ። የምጽፈው ከመሄዳችሁ በፊት ባሉት ሳምንታት ስለ ምን መዘጋጀት እንዳለባችሁ ነው፤ ሽኝቱን የምናዘጋጀው እኛም ስለምንሳሳተው ነገር ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር እናጥራ። ብዙ ሰው ለአሥር ዓመት የሚሄደው ስደተኛ እንጂ ለአምስት ወር የሚሄደው ተማሪ አያሳስበውም። እኔ ግን የተገላቢጦሽ ይመስለኛል። ለረጅም ዘመን የሚሄድ ሰው ገና ሳይሄድ «ቤተ ክርስቲያን በየት አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከደረሰም በኋላ ይፈልጋል፤ ካጣ ከሌሎች ጋር ተሰባስቦ ጽዋ ይጀምራል፤ ብዙዎቹ በአውሮፓ ያሉ አጥቢያዎች የተመሠረቱትም እንዲህ በተሰባሰቡ ምእመናን ነው። የአምስት ወሩ እንግዳ ግን «ስመለስ እደርስበታለሁ» ይላል። ጾሙን ስመለስ፣ ንስሐውን ስመለስ፣ ቅዳሴውን ስመለስ፣ ጸሎቱንም ፈተናው ሲያልፍ። ሃይማኖቱን አልካደም፤ አልጠላም፤ ለጊዜው እንደ ክረምት ልብስ አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠው እንጂ። ሲመለስ ሳጥኑን ሲከፍተው ልብሱ አለ፤ ነገር ግን ጠብቦታል። ሁለት ሦስት ጓደኞቼ ከእንዲህ ያለ አጭር ጉዞ ተመልሰው ወደ መዝሙር ልምምዳችን መጡ፤ ዜማውን አልረሱም ነበር። ረቡዕ ላይ ግን እንደ ቀድሞው ሊጾሙ አልቻሉም፤ አምስት ወር ያህል ያለ ጾም መኖር እንደሚቻል አይተዋልና።

ነቢዩ ዳንኤልን አስቡት። በባዕድ አገር ለትምህርት ለተቀመጠ ወጣት ከእርሱና ከሠለስቱ ደቂቅ የሚቀርብ ምሳሌ ያለ አይመስለኝም፤ እነርሱም የከለዳውያንን ቋንቋና ጥበብ እንዲማሩ ተመርጠው ቀለብ የተቆረጠላቸው ተማሪዎች ነበሩና። ስለ ዳንኤል ሲሰበክ ሁላችን የምናስታውሰው የአናብስቱን ጉድጓድ ነው። እኔን ግን የሚያስደንቀኝ ከጉድጓዱ በፊት ያለው ትንሽ ቃል ነው። ጸሎትን የሚከለክለው ዐዋጅ በወጣ ጊዜ ዳንኤል ወደ ቤቱ ገብቶ ወደ ኢየሩሳሌም በተከፈተው መስኮት ፊት በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ እንደ ነበር መጽሐፍ ሲነግረን፣ ይህን ያደረገው ቀድሞ ያደርገው እንደ ነበረው ነው ይላል። መስኮቱን በዐዋጁ ቀን አልከፈተውም። ያ መስኮት ለብዙ ዓመታት የተከፈተ ነበር። ዐዋጁ ያገኘው ልማድ የሆነን ነገር ነው። እናንተም አውሮፕላን ከተሳፈራችሁ በኋላ የምትከፍቱት መስኮት በመጀመሪያው የብርድ ሳምንት ይዘጋል።

እንግዲህ የእኔ አሳብ ይህ ነው፦ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ወር በገዛ ቤታችሁ እንግዳ ሁኑ።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ላብራራ። እናታችሁን ወይም ጾሙን የሚነግራችሁን ሰው አክብራችሁ ጠይቁ፦ «እማዬ፣ ለአንድ ወር የጾሙን ቀን አትንገሪኝ፤ ለኪዳንም አትቀስቅሺኝ» በሉ። ቀኑን ራሳችሁ ቍጠሩ። የማንቂያ ደወላችሁን ራሳችሁ ሙሉ። ረቡዕና ዓርብ ምሳችሁን ራሳችሁ ሥሩ፤ ሽሮ መሥራት የማይችል ወንድም ካለ (ብዙዎች ነን) ይህ ወር የመማሪያው ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ምናልባት ትሳሳታላችሁ። በአገራችሁ፣ በእናታችሁ ወጥ ቤት ውስጥ መሳሳት መልካም ነው፤ በዚያ የተሳሳተ ሰው ድክመቱን ዐውቆ ይሄዳል።

ጸሎቱም እንዲሁ ነው። እዚህ ላይ እኛን የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንን የምወቅስበት ነገር አለኝ። ልጆቻችንን በኅብረት መዘመር እናስተምራለን፤ በሰልፍ መቆም፣ በአንድ ድምፅ መመለስ፣ ዩኒፎርም ለብሶ በጥምቀት መሄድ እናስተምራለን። ይህ ሁሉ ያማረና የተቀደሰ ነው። ብቻውን በአንድ ክፍል ውስጥ ቆሞ የሚጸልይ ሰው ግን ሆን ብለን አላሠለጠንንም። መቶ ሰው ሲዘምር ድምፃችን ይወጣል፤ ብቻችንን ስንቀር ከንፈራችን ይታሰራል። እኔ በዚያች ከተማ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለጸሎት ቆሜ «ቀጥሎ ምንድን ነው?» ብዬ የቆምሁባቸውን ጊዜያት አልረሳም። ሁልጊዜ የሚቀጥለውን የሚጀምር ሌላ ሰው ነበረኛ።

መፍትሔው ግን በእጃችን ነው፤ የረቡዕን ጥያቄ የሚመልሰውም እርሱ ነው። ውዳሴ ማርያም በሳምንቱ ቀናት የተከፈለ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ዘሰኑይ፣ ዘሠሉስ፣ ዘረቡዕ እያለ ይቀጥላል። መዝሙረ ዳዊትም በትውፊታችን እንዲሁ በየዕለቱ ተከፍሎ ይጸለያል። ከዚያ ከፓስታው ቀን በኋላ ጠዋት ጠዋት ከመውጣቴ በፊት የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ማንበብ ጀመርሁ፤ ሩብ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ከዚያ ወዲያ ረቡዕ አምልጦኝ አያውቅም፤ ገጹን ስገልጥ «ዘረቡዕ» ይለኛልና። አባቶቻችን ጸሎቱን በቀን ሲከፍሉት እንደ እኔ ላለው ዝንጉ ያሰቡለት ይመስለኛል። በስልክ ላይ የባሕረ ሐሳብ መተግበሪያ መጫን መልካም ነው፤ የአጽዋማቱንና የበዓላቱን ቀን ይነግራል፤ ነገር ግን መተግበሪያው ቀኑን ብቻ ይነግራችኋል፤ መጽሐፉ ግን ቀኑን ነግሮ በዚያው ቀን ያቆማችኋል።

ስለ ምግብ ጥቂት ልበል፤ እናቶች አብዝተው የሚጨነቁበት ነውና። በዘመናችን በጀርመንም ሆነ በሌሎች የአውሮፓ አገሮች የጾም ምግብ ማግኘት ከቀድሞው እጅግ ቀልሏል። «ቪጋን» የሚል ምልክት ያለበት ምግብ ሥጋም፣ ወተትም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም የለበትም፤ «ቬጀቴሪያን» የሚለው ግን ሥጋ አልባ ነው እንጂ አይብና እንቁላል ሊኖረው ይችላልና አትሳሳቱ። የታሸገ ምግብ ስትገዙ በጀርባው ያለውን ዝርዝር አንብቡ፤ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንደ ወተትና እንቁላል ያሉ አለርጂ የሚያስከትሉ ነገሮች በዝርዝሩ ውስጥ ጎላ ብለው እንዲጻፉ ያዛል። በጀርመንኛ ወተት «ሚልሽ»፣ እንቁላል «አይ»፣ ቅቤ «ቡተር» ነው፤ ከቋንቋው ሌላ ምንም ባታውቁ እነዚህን ሦስቱን ዕወቁ። ከአገር የምትይዙትን በተመለከተ፣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከኅብረቱ ውጭ ካሉ አገሮች በመንገደኛ ሻንጣ ማስገባት የተከለከለ ነው። ስለዚህ የእናታችሁ ንጥር ቅቤና ቋንጣ ከአየር ማረፊያው አያልፉም፤ ሽሮ፣ በርበሬና ድርቆሽ ግን ይህ ክልከላ አይነካቸውም። የሻንጣው ሕግ ራሱ የጾም ሕግ ነው ማለት ነው። ጀርመን አገር ስትደርሱ ደግሞ የሚያስደንቃችሁ ሌላ ነገር አለ፦ እሑድ ሱቆች በሕግ ይዘጋሉ። ሰንበትን የማያውቅ ሕዝብ ይመስለን የነበረው ሕዝብ ሰንበትን በሕገ መንግሥቱ ሳይቀር ይጠብቃታል። ዳቦአችሁን ቅዳሜ ግዙ።

አሁን ወደ ከባዱ ልመለስ፤ እርሱም ዝምታችን ነው።

በጀርመን ማንኛውም ሰው ቤት ከገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻውን በከተማው ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ አለበት። በዚያ በሚሞላው ቅጽ ላይ ስለ ሃይማኖት የሚጠይቅ ቦታ አለ። ጥያቄው የመጣው ከቤተ ክርስቲያን ግብር ነው፤ መንግሥት በዋናነት ከካቶሊክና ከወንጌላውያን ቤተ እምነቶች አባላት ገቢ ላይ ቀንሶ ለየቤተ እምነታቸው የሚሰጠው ግብር አለ። ይህን የሰሙ አንዳንድ ወገኖቻችን «ገንዘብ ይቆረጥብናል» ብለው ፈርተው «ሃይማኖት የለኝም» ብለው ይሞላሉ። በመጀመሪያ፣ ገቢ የሌለው ተማሪ ከምኑ ይቆረጥበታል? ሁለተኛም የኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት በዚያ አገር ይህን ግብር በመንግሥት በኩል አይሰበስቡም። ነገሩ ግን የገንዘብ አይደለም። በባዕድ አገር በመጀመሪያው ሳምንት፣ ማንም ሳያስገድድ፣ አንድ ጸሐፊ በትሕትና «ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «የለኝም» ብሎ መፈረም ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ አስተውሉ። አናብስት የሉም፤ እቶን የለም፤ ያለው እስክሪብቶ ብቻ ነው። ጥያቄው በተለያየ መልክ ይመጣልና መልሳችሁን ከቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ።

እኔ በቅጹ ላይ ሃይማኖቴን በትክክል ጽፌአለሁ። በሌላ ቦታ ግን ዝም አልሁ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ በፈረንጆቹ የኖቬምበር መጨረሻ ሳምንት ላይ ነው፤ ልክ በዚያን ጊዜ በየአደባባዩ የገና ገበያ ይከፈታል፤ የመምሪያው ግብዣ፣ የማደሪያው ግብዣ፣ የቤተ ሙከራው ግብዣ ይከታተላል። በዚያ ወራት ፀሐይ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት አለፍ እንዳለ ትጠልቃለች፤ ቅዝቃዜውና ጨለማው ሰውን ወደ ብርሃንና ወደ ማዕድ ይገፋዋል። የእነርሱ ልደት ዲሴምበር 25 ሲከበር እኛ ገና በጾም መካከል ነን። ከዚያ ዕረፍቱ ያልቅና ትምህርት ይጀመራል፤ የእኛ ልደት ጃንዋሪ 7 ብዙ ጊዜ ተራ የትምህርት ቀን ሆኖ ይውላል። በዚያ ዓመት በዚያች ቀን ጠዋት በክፍል ውስጥ ሥራዬን የማቀርብበት ተራ ደርሶኝ ነበር። ተማሪ ያለ በቂ ምክንያት ቀን አይለውጥም ብዬ ፈርቼ ለመምህሩ ምንም አላልሁም። በአቅራቢያ ወዳለው ከተማ ለሌሊቱ ቅዳሴ መሄድ እችል ነበር፤ አልሄድሁም። ሥራዬን አቀረብሁ። ከሳምንት በኋላ በወሬ መካከል በዓላችን እንደ ነበር ሲሰማ መምህሩ አዘነ፤ «ለምን አልነገርኸኝም? ቀኑን እንለውጠው ነበር» አለኝ።

ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ዳንኤል ከንጉሡ ማዕድ ላለመብላት በልቡ ሲወስን አልተሰወረም፤ አልተሳደበም፤ ማዕዱንም አልገለበጠም። ወደ አለቃው ሄዶ ለመነ። ቀጥሎም ለተሾመባቸው ሰው «ዐሥር ቀን ጥራጥሬና ውኃ ስጠንና ፈትነን» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሙሉ ትሕትና፣ ሙሉ ግልጽነት፣ የተወሰነ ቀን። እኛ አብዛኛውን ጊዜ የምናደርገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወይ ዝም ብለን እንበላለን፣ ወይ አኵርፈን ከሰው እንለያለን። ሁለቱም ከፍርሃት የሚወጡ ናቸው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት በዚያ ሴሚስተር ውስጥ የሚውሉትን ቀኖች ጻፉ፤ ጾመ ነቢያትን፣ ልደትን፣ ጥር 11 የሚውለውን ጥምቀትን፣ ጾመ ነነዌን፣ ዐቢይ ጾምም ከመመለሳችሁ በፊት የሚገባ ከሆነ እርሱን። የትምህርት መርሐ ግብሩ ሲደርሳችሁ በመጀመሪያው ሳምንት መምህራኑን አነጋግሩ። በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ ሰበብ ይመስላል፤ አስቀድሞ የሚጠየቅ ግን እምነት ነው።

በነገራችን ላይ ዲሴምበር 25 የሚከበረውን ልደት እየናቁ የሚናገሩ ወንድሞች አሉ። ከእኛ ጋር በአንድ እምነት ያሉት የሶርያና የሕንድ ኦርቶዶክሳውያን አብያተ ክርስቲያናት ልደትን የሚያከብሩት በዚሁ ቀን ነው። ምላሳችንን እንጠብቅ።

ይህ ስለ ቅዱስ ቁርባን ወደሚነሣው ጥያቄ ይወስደናል። እንደ ኮሎኝ፣ ፍራንክፈርት፣ ሙኒክና በርሊን ባሉ ትልልቅ የጀርመን ከተሞች የቤተ ክርስቲያናችን አጥቢያዎች አሉ። የምትሄዱበት ከተማ ትንሽ ከሆነ ግን የቅርቡ አጥቢያ በባቡር ሁለት ሦስት ሰዓት ሊርቅ ይችላል፤ ብዙዎቹም ሕንፃ ተውሰው የሚያገለግሉ ስለሆኑ በየሳምንቱ ላይቀድሱ ይችላሉ። ሳትሄዱ የአጥቢያውን አስተዳዳሪ ስልክ ፈልጋችሁ ያዙ፤ ደርሳችሁ ከተደላደልሁ በኋላ የምትሉ ከሆነ አትደውሉም። በአቅራቢያችሁ የግብፅ፣ የኤርትራ፣ የአርመን፣ የሶርያ ወይም የሕንድ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ካለ እኅት ቤተ ክርስቲያን ናት። የግሪክ፣ የሩሲያ፣ የሰርቢያ ወይም የሮማንያ ቤተ ክርስቲያን ግን ምንም እንኳ በሥዕሉ፣ በጧፉና በዕጣኑ የአገራችሁን ያህል ቢመስላችሁ፣ ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ በቅዱስ ቁርባን አንድነት የለንም። ገብቶ በአክብሮት መቆም አንድ ነገር ነው፤ መቍረብ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ በራሳችሁ አትወስኑ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ከንስሐ አባታችሁ ጋር አንድ ሙሉ ሰዓት ተቀመጡ። ስለ ጸሎታችሁ መጠን፣ ብትታመሙ ስለ ጾማችሁ፣ የት እንደምትቈርቡና ለየትኛው አባት አደራ እንደሚሰጡአችሁ ተነጋገሩ። ብዙዎቻችን ወደ ንስሐ አባታችን የምንሄደው በዋዜማው ተንበርክከን «አባቴ፣ ልሄድ ነው፤ ይባርኩኝ» ለማለት ነው። ቡራኬው ታላቅ ነገር ነው፤ ያ ሰዓት ግን ለውይይት አይበቃም።

በስልክ የሚተላለፍ ቅዳሴም ልብን ያጽናናል፤ እኔም ተጽናንቼበታለሁ። በክረምት የጀርመን ሰዓት ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ እዚህ ንጋት ላይ የሚቀደሰው እዚያ ገና ሌሊት ሳለ ነው፤ ስለዚህ በአልጋ ውስጥ ሆኖ ብርድ ልብስ ተከናንቦ መከታተል ይለመዳል። ቆማችሁ ተከታተሉት፤ ነጠላችሁንም ልበሱ። እንደዚያም ሆኖ ቤተ ክርስቲያን እንደ ሄዳችሁ አትቍጠሩት።

በአውሮፓ ምድር ብቻቸውን የጸለዩ ኢትዮጵያውያን እናንተ የመጀመሪያዎቹ አይደላችሁም። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ ባለው በቅዱስ እስጢፋኖስ ማረፊያ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ይቀመጡ ነበር። ሰው ለማስተማር ወይም ለመታየት አልነበረም፤ እንደ ልማዳቸው ዳዊታቸውን ይደግሙ ነበር። ከኮሎኝ የመጣ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ የቤተ ክህነት ሰው ድምፃቸውን ሰምቶ በቋንቋው ተሳበ፤ ከመካከላቸው ከአባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል እየተማረ ቈየ፤ እ.ኤ.አ. በ1513 የግእዝ መዝሙረ ዳዊትን በሮም አሳተመ። በዓለም ላይ በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ይህ ነው። ፖትከን ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ ተሳስቶ ነበር የጠራው፤ ይህ ግን ሥራውን አያሳንሰውም። እነዚያ መነኮሳት ከአገራቸው ሲወጡ «እስክንመለስ» ብለው ዳዊታቸውን ቢያጥፉት ኖሮ ፖትከን የሚሰማው ድምፅ ባልነበረ።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። እናቶቻችን ሆይ፣ ልጃችሁ ሲደውል «ምን በላህ? በረደህ ወይ?» ማለታችሁን አትተዉ፤ ይህ የፍቅር ጥያቄ ነው። ነገር ግን ከመሄዱ በፊት ባለው ወር ቀኑን ስለ እርሱ መቍጠር አቁሙለት። ሲሳሳት እያያችሁ ዝም ማለት ከባድ እንደ ሆነ አውቃለሁ። አባቶቻችን ሆይ፣ ስለ ትምህርት ውጤቱ ብቻ አትጠይቁት። በዚያች ከተማ ሳለሁ አባቴ በየሳምንቱ ስለ ፈተናዬ ይጠይቀኝ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ «ቅዳሴ አገኘህ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ በዚያ ሳምንት ባቡር ተሳፍሬ ሄድሁ።

በዚህ ዓመት ከሰንበት ትምህርት ቤታችን አንዲት እኅት ለመሄድ በመዘጋጀት ላይ ናት። ሽኝቱን በመጨረሻው ሳምንት ከማድረግ ይልቅ ከወር በፊት አንድ ጉባኤ አድርገን፣ ከእርሷና ከእናቷ ጋር ተነጋግረን የአንድ ወሩን ልምምድ ጀመርን። የመጀመሪያው ረቡዕ ደረሰ። እኅታችን ራሷ ዐስባ በጠዋት ተነሥታ ውዳሴ ማርያሟን ጸልያ ምስር ልትቀቅል ወደ ወጥ ቤት ገባች። እናቷ በሩ ላይ ቆመው በሁለት እጃቸው አፋቸውን ይዘው ይጠብቁ ነበር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር